«እንግዳ ባንድ» ምንድን ነው? ሲበደልስ ቲፎዞው ምን ይላል?

ማርሽ ባንድ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን የፖሊስ ወይም የጦር ሠራዊት ባንድ ነው። ነጭ ጓንት፣ ቀጥ ያለ ሰልፍ፣ በበዓል ቀን በአደባባይ የሚያልፍ ከበሮና ጥሩምባ። አሜሪካ ውስጥ ግን ማርሽ ባንድ ሲባል በአብዛኛው ተማሪ ነው። ኢንጂነሪንግ የምትማረው ልጅ ክላርኔት ይዛ፣ አካውንቲንግ የሚማረው ልጅ ከበሮ አንግቶ፣ ከክፍል ወጥተው ሜዳ ላይ ሰልፍ ይለማመዳሉ። ሙዚቃ ዋና ትምህርታቸው ያልሆነ ብዙ ናቸው። ቅዳሜ ሲደርስ ደንብ ልብሳቸውን ለብሰው የዩኒቨርሲቲያቸውን የፉትቦል ቡድን ያጅባሉ። ፉትቦል ስል በእጅ የሚወረወረውን፣ ራስ ቁር የሚደረግበትን የአሜሪካውን ጨዋታ ነው።

ባህሉ የቆየ ነው። የኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ ባንድ ከ1840ዎቹ ጀምሮ አለ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ዛሬ አንድ ትልቅ ባንድ ከ200 በላይ ልጆች ይይዛል። እረፍት ሲሆን ሜዳው የእነሱ ነው፤ እየተጫወቱ እየተራመዱ ፊደልና ቅርጽ ይሠራሉ።

እንግዳ ባንድ የሚባለው ቡድኑን ተከትሎ ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ሜዳ የሚሄደው ባንድ ነው። ሁሌ አይሄድም። አውቶቡስ፣ ምግብ፣ ማደሪያ ገንዘብ ይፈልጋል፤ ባለሜዳውም ለእንግዳ የሚሰጠው ወንበር የተቆጠረ ነው። ስለዚህ ራቅ ላለ ጨዋታ ጥቂት ልጆች ብቻ ይላካሉ፣ ወይም ማንም አይሄድም። ጎረቤት ከሆነው ባላንጣ ጋር ሲሆን ግን ባንዱ በሙሉ ይነሳል። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ባንዱ በሙሉ የሚሄደው ጥላቻው በጣም ወደሚግልበት ሜዳ ነው።

ታዲያ የቲፎዞ እልህ ለምን ባንዱ ላይ ያርፋል? ተጫዋቾቹ በጥበቃ ታጅበው በራሳቸው በር ይገባሉ፣ በራሳቸው በር ይወጣሉ። የተቃራኒው ቡድን ደጋፊም ከፈለገ ማሊያውን አውልቆ ቦርሳው ውስጥ ከትቶ ከሰው ጋር ይቀላቀላል። የባንድ ልጅ ይህን ማድረግ አይችልም። ከአንገት እስከ እግሩ የሌላውን ቀለም ለብሷል። እጁ መሣሪያ ይዟል። በሰልፍ ነው የሚሄደው። ቢሰደብም መልስ እንዳይሰጥ ተነግሮታል። አውቶቡሱ ደግሞ ከስታዲየሙ ውጪ ነው፤ እዚያ ለመድረስ ሲጠጣ በዋለ ሕዝብ መሃል ማለፍ አለበት።

ሱዛፎን የሚባለውን መሣሪያ አይታችሁት ታውቁ ይሆናል። ሰውነት ላይ ተጠምጥሞ፣ ከራስ በላይ እንደ ትልቅ አበባ የሚከፈተው ነው። የብረቱ ከ10 ኪሎ በላይ ይመዝናል። የተሸከመው ልጅ ዞር ብሎ ከኋላው ማን እንዳለ ማየት ይቸግረዋል። አንድ ሰው ለጨዋታ ብሎ ያንን አፉን በጡጫ ቢመታው፣ ምቱ በቧንቧው ዞሮ የሚያርፈው ልጁ ከንፈር ላይ ነው። ጥርሱ ላይ ነው። ትሮምቦንም ትራምፔትም እንደዚያው ነው፤ እየተነፋ ሳለ ጫፉን የነካ ሰው ከንፈር ይሰነጥቃል። መቺው ይህን ላያውቅ ይችላል። «ቆርቆሮ ነው የነካሁት» ብሎ እየሳቀ ይሄዳል። ልጁ ግን የሚነፋበት ከንፈሩ ነው የተጎዳው።

ነገሩ ጎልቶ የወጣበትን አንድ ጨዋታ ላንሳ። መስከረም 14 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.፣ ኤምስ ከተማ፣ አዮዋ ግዛት። ባለሜዳው አዮዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ እንግዳው ከአዮዋ ሲቲ ከተማ የመጣው የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ። በሁለቱ ከተሞች መካከል የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። አንድ ቤት ውስጥ ወንድም እዚህ፣ እህት እዚያ ይማራሉ። ፉክክሩ የጀመረው በ1894 ሲሆን፣ ከ1930ዎቹ አጋማሽ እስከ 1977 ድረስ አራት አስርት ዓመት ያህል ጨርሶ አልተጫወቱም።

ያን ቀን ሁሉም ነገር ተደራረበ። የስፖርት ቴሌቪዥን ጣቢያው የኢኤስፒኤን ታዋቂው የቅዳሜ ማለዳ ፕሮግራም ለመጀመሪያ ጊዜ ኤምስ ገብቷል። ሕዝቡ ከማለዳው ጀምሮ በመኪና ማቆሚያው ላይ እየጠበሰ እየጠጣ ነው። ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ ደግሞ በመብረቅ ምክንያት ሁለት ጊዜ ተቋረጠ፤ በጠቅላላው ሦስት ሰዓት ገደማ ጠፋ። ከሰዓት የተጀመረው ጨዋታ ሲያልቅ መሽቷል። ውጤቱ 18 ለ 17። እንግዳው አሸነፈ። በአንድ ነጥብ!

በማግስቱና ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት የአዮዋ ባንድ ልጆች መናገር ጀመሩ። ተሰድበናል፣ ተገፍትረናል፣ ዕቃ ተወርውሮብናል አሉ። ያለ ፈቃዳችን ሰውነታችን ተነክቷል ያሉም ነበሩ። አንድ የባንዱ አባል የጎድን አጥንት እንደተሰበረበትም ተነገረ። የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ስፖርት ክፍል በባንዳችን ላይ ተገቢ ያልሆነ ድርጊት ተፈጽሟል ብሎ መግለጫ አወጣ። ቀን ሳይቆይ ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች የጋራ መግለጫ ሰጡ። መንፈሱ ባጭሩ ወደፊት እናሻሽላለን፣ ያለፈው አልፏል የሚል ነበር።

ልጆቹን ይበልጥ ያሳዘናቸው ይሄ ነው። እኔንም እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይሄ ነው። የተመታ ልጅ ገና ሳይጠየቅ ፋይሉ ተዘጋ። «እኛን ማን አነጋገረን?» አሉ። ጫጫታው ሲበረታ ዩኒቨርሲቲያቸው ነገሩን እንደገና ከፈተው፤ የአዮዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ፖሊስም የደረሰበት ሰው ቀርቦ እንዲናገር ጠየቀ።

ወደ ቲፎዞው ልመለስ። እንዲህ ያለ ክስ ሲሰማ ቲፎዞ የሚለው ነገር በየትም አገር ይመሳሰላል። የተበዳዩ ወገን ወዲያው ይቆጣል፤ ግማሹ ቁጣ ለልጆቹ ነው፣ ግማሹ ግን የቆየ ቂም ነው። «እነሱ ድሮም እንዲህ ናቸው» ይባላል። አንድ የሰከረ ሰው ያደረገው በ60 ሺህ ሰው ላይ ይለጠፋል። «ከእነሱ ጋር መጫወት ይቅር» የሚልም ይነሳል። ከባለሜዳው ወገን ደግሞ መጀመሪያ የሚመጣው ክህደት ነው። «ቪዲዮው የታለ?» «እኔ እዚያው ነበርኩ፣ ምንም አላየሁም።» «የእኛ ባንድ እናንተ ጋ ሲመጣስ?» ይህ የመጨረሻው በጣም ይከፋኛል። ምናልባት እውነት ነው፤ የእነሱም ባንድ ተሰድቦ ይሆናል። ግን አምና የተሰደበው ልጅ ዘንድሮ ሌላ ልጅ ስለተመታ ምን ያገኛል?

ማስረጃ መጠየቅ ነውር አይደለም። የተባለው ሁሉ እንደተባለው ላይሆን ይችላል፤ በጨለማ፣ በግፊያ መሃል የሆነን ነገር ማጣራት ከባድ ነው። ልዩነቱ ያለው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። መጀመሪያ «ልጆቹ ደህና ናቸው?» ብሎ ቀጥሎ «ምን ነበር የሆነው?» የሚል ሰው አለ። ከመጀመሪያው «ውሸት ነው» የሚልም አለ። የመጀመሪያው ዓይነት ሰው በሁለቱም ወገን ይገኛል። የራሱን ቡድን ማሊያ ለብሶ «በእኛ ሜዳ ከሆነ እኛን ነው የሚያሳፍረን» የሚል ባለሜዳ አለ። ብዙ ጊዜ ይሄ ሰው ወይ ራሱ በተማሪነቱ ባንድ ውስጥ ነበረ፣ ወይ ልጁ ባንድ ውስጥ ናት። በኤምስና በአዮዋ ሲቲ ጉዳይ ይህን መረዳት ከባድ አይደለም፤ ሜዳው በየዓመቱ ይቀያየራል። ዘንድሮ ባለሜዳ የሆነው በሚቀጥለው ዙር እንግዳ ነው።

«ባንዱ ራሱ ተንኩሶ ቢሆንስ?» የሚል ጥያቄ ሁሌም ይመጣል። ተንኩሶ የሚያውቅ ባንድ አለ። ኅዳር 1973 ሂውስተን ላይ የራይስ ዩኒቨርሲቲ ባንድ በእረፍት ሰዓት የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲን ወግ ሁሉ እያነሳ አላገጠ። የሚወዷትን ውሻ እንኳ አልማረም። ባለሜዳው ራሱ ራይስ ነበር። ግን እንግዳ ሆነው የመጡት ደጋፊዎች በጣም ተቆጡ፤ ጨዋታው ካለቀ በኋላም ልጆቹ ስታዲየሙ ውስጥ ታግተው ቆዩ። በመጨረሻ የወጡት በምግብ ማመላለሻ መኪና ተጭነው ነው። ቀልዱ ጥሩ ነበር ወይስ መጥፎ የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ያከራክር። ተማሪ በምግብ መኪና ተደብቆ ቤቱ መግባቱ ግን ክርክር ውስጥ የሚገባ አይደለም።

ነገሩ የግድ እንዲህ መሆን የለበትም። በታሪክ ጥቁር ተማሪዎች የሚማሩባቸው ዩኒቨርሲቲዎች ዘንድ ብትሄዱ እንግዳ ባንድ የሚጠበቅ ዝግጅት ነው። እረፍት ሲሆን ሰው ምግብ ለመግዛት አይነሳም፤ ይቀመጣል። ጨዋታው አልቆም ብዙው አይሄድም፤ ሁለቱ ባንዶች ፊት ለፊት ሆነው በተራ ይጫወታሉ፣ ጨዋታው አራት ሩብ ነውና «አምስተኛው ሩብ» ይሉታል። ኒው ኦርሊንስ ላይ በየዓመቱ ግራምብሊንግና ሳውዘርን የሚባሉት ዩኒቨርሲቲዎች ሲገናኙ ከጨዋታው በፊት የባንዶቹ ፍልሚያ ብቻውን ሕዝብ ይሰበስባል። እዚያም ፉክክሩ የዋዛ አይደለም። መበሻሸቁም አለ። ግን መልሱ በጥሩምባ ነው። እንግዳው ባንድ ካልመጣ ባለሜዳውም ከማን ጋር ይወዳደራል?

በሌሎች ሜዳዎችም ደግ ነገር አለ። ለእንግዳው ባንድ ውሃ ይዞ የሚመጣ አለ፣ ልጆቹ ሲጨርሱ ቆሞ የሚያጨበጭብ ባለሜዳ አለ። አዘጋጁ ከፈለገ ብዙ ሊሠራ ይችላል። አውቶቡሱን በሩ አጠገብ ማስጠጋት፣ ሕዝቡ እስኪወጣ ባንዱን ወንበሩ ላይ ማቆየት፣ በሰልፉ ግራና ቀኝ ፖሊስ ማስኬድ። ብዙ ወጪ የለውም።

ያ የ2019 ጨዋታ የተካሄደበት ሜዳ ጃክ ትራይስ ስታዲየም ይባላል። ጃክ ትራይስ በአዮዋ ስቴት የመጀመሪያው ጥቁር አትሌት ነበር። ጥቅምት 1923 ሚኒሶታ ላይ፣ በሰው ሜዳ፣ እንግዳ ሆኖ ሲጫወት ክፉኛ ተረገጠ። ሆን ተብሎ ነው ወይስ በአጋጣሚ የሚለው እስከ ዛሬ ያነጋግራል። ከሁለት ቀን በኋላ ሞተ። ዕድሜው 21 ነበር። በጨዋታው ዋዜማ ማታ የጻፈው ደብዳቤ ከሞተ በኋላ ኮቱ ኪስ ውስጥ ተገኘ፤ የዘሩ፣ የቤተሰቡና የራሱ ክብር በነገው ጨዋታ ላይ እንደተጣለ ጽፏል። ዛሬ ስታዲየሙ ጋ ሐውልቱ ቆሟል። ቀራጺው ኳስ ይዞ ሲሮጥ አላደረገውም። ደብዳቤውን ይዞ ሲያነብ ነው ያደረገው።