የጥርስ ኢምፕላንት ቅርጽና በዙሪያው ያለው ድድ ጤንነት

የጥርስ ኢምፕላንት በወለቀ ጥርስ ምትክ መንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚተከል ሰው ሠራሽ ሥር ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከታይታኒየም፣ አልፎ አልፎም ዚርኮኒያ ከሚባለው ነጭ ሴራሚክ ይሠራል። አጥንት ውስጥ የሚቀበር ብሎን፣ ከብሎኑ ተነሥቶ ድድን አቋርጦ የሚወጣ አባትመንት የተባለ አገናኝ፣ በላዩም የሚደፋ የጥርስ ቆብ አለው። ስለ ኢምፕላንት ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አጥንቱ ብሎኑን ይዞት እንደሆነ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ አጥንት ካልያዘው የሚሆን ነገር የለም። ነገር ግን በደንብ የያዘ ኢምፕላንት ከዓመታት በኋላ ሲታመም፣ ሕመሙ በአብዛኛው የሚጀምረው ከላይ፣ ድዱ ብረቱን ከሚያቅፍበት ጥቂት ሚሊ ሜትር ከሆነ አንገት ላይ ነው።

ሙያው ከመነሻው ዓይኑን የጣለው አጥንት ላይ ነበር። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ስዊድናዊው ፔር-ኢንግቫር ብሮኔማርክ በጥንቸል አጥንት ውስጥ የደም ዝውውርን ሲያጠኑ ለመመልከቻ የተከሏቸው የታይታኒየም ዕቃዎች ከአጥንቱ ጋር ተዋሕደው አልነቀል አሏቸው። እ.ኤ.አ. በ1965 ይህንኑ በሰው መንጋጋ ላይ ሠሩበት። የእሳቸው ዘዴ ብሎኑን ከአጥንቱ ጫፍ እኩል ቀብሮ፣ ድዱን በላዩ ሰፍቶ ለወራት ማቆየት፣ ከዚያ በሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ድዱን ከፍቶ አገናኙን መግጠም ነበር። በስዊዘርላንድ ደግሞ አንድሬ ሽሮደርና ባልደረቦቻቸው ሌላ መንገድ ያዙ፤ ብሎኑ ልሙጥ አንገት ኖሮት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ድዱን አልፎ እንዲወጣ አደረጉ። ያኔ ነገሩ የቀዶ ሕክምና ስልት ልዩነት ብቻ ይመስል ነበር። ውሎ አድሮ ግን ከሥሩ ያለው ጥያቄ ወጣ፤ የብሎኑና የአገናኙ መጋጠሚያ አጥንቱ ጫፍ ላይ ይሁን ወይስ ከአጥንቱ ራቅ ብሎ ከፍ ይበል?

ጥያቄው ለምን እንደሚከብድ ለመረዳት የተፈጥሮ ጥርስና ድድ እንዴት እንደተያያዙ ማየት ያስፈልጋል። የጥርስ ሥር ሲሚንተም በሚባል ስስ ሽፋን የተለበጠ ነው። ከድዱ የሚነሡ የኮላጅን ክሮች እዚህ ሽፋን ውስጥ ጠልቀው ይተከላሉ፤ ድንኳንን ወጥረው እንደሚይዙ ገመዶች ከየአቅጣጫው ይይዙታል። ኢምፕላንት ሲሚንተም የለውም። ስለዚህ ክሮቹ የሚተከሉበት አጥተው ከብረቱ ጎን ለጎን ይወጣሉ ወይም እንደ መቀነት ይዞሩታል። መቀነት ዙሪያውን ያጠብቃል እንጂ ሰፍቶ አያያይዝም። በዚህ ላይ በጥርስ ሥርና በአጥንት መካከል ያለው ጅማት አብሮ ስለሚጠፋ፣ ከጅማቱ ወደ ድዱ ይመጡ የነበሩት የደም ሥሮችም ይቀራሉ። በኢምፕላንት ዙሪያ ያለው ድድ እንግዲህ ኮላጅን የበዛበት፣ ደም ሥር ያነሰበት፣ ጠባሳ የሚመስል ሕብረ ሕዋስ ነው። ባክቴሪያ ሲመጣበት የመከላከል አቅሙ የተፈጥሮውን ያህል አይደለም።

ሰውነት ግን ክፍት በር አይተውም። ድዱ በኢምፕላንቱ አንገት ላይ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ቁመት ያለው ማሸጊያ ይሠራል፤ የላይኛው ክፍል ከብረቱ ጋር በስሱ የሚለጠፍ ሽፋን፣ የታችኛው ደግሞ ያ የመቀነት ክር ነው። ይህ ቁመት ድርድር የለውም። ድዱ ከ2 ሚሊ ሜትር በታች የሳሳ ከሆነና ኢምፕላንቱ ከአጥንቱ እኩል ከተተከለ፣ ሰውነት የጎደለውን ቦታ የሚያገኘው አጥንቱን ዝቅ በማድረግ ነው። የአገናኙ ቁመትም በዚሁ ምክንያት ዋጋ አለው፤ ከ2 ሚሊ ሜትር የበለጠ ቁመት ያላቸው አገናኞች ዙሪያ የሚጠፋው አጥንት ከአጫጭሮቹ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል።

ብሎኑና አገናኙ በሚጋጠሙበት መስመር ደግሞ በዓይን የማይታይ ክፍተት አለ። ባክቴሪያ በዚያ ይገባል፣ ማኘክ በፈጠረው ጫና አገናኙ በጥቂቱ ሲንቀሳቀስም ይወጣል፤ በክፍተቱ ዙሪያ የመከላከያ ሕዋሳት ይከማቻሉ፣ አጥንትም ከዚያ ይሸሻል። ለዚህ ችግር የተገኘው መፍትሔ ታሪክ ሁልጊዜ ይገርመኛል። እ.ኤ.አ. በ1991 አካባቢ 5 እና 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ኢምፕላንቶች ሲወጡ ልካቸው የሆነ አገናኝ ገና አልተሠራም ነበርና ሐኪሞች ለ4.1 ሚሊ ሜትር የተሠራውን ጠባብ አገናኝ ገጠሙባቸው። ከዓመታት በኋላ ራጁ ሲታይ በእነዚህ ኢምፕላንቶች ዙሪያ ያለው አጥንት ከተጠበቀው በላይ ደህና ነበር። መጋጠሚያው ከጠርዙ ወደ መሐል ሲገባ ክፍተቱም፣ ዙሪያውን የሚከማቸው ብግነትም ከአጥንቱ ራቀ፤ ድዱም የሚያርፍበት እርከን አገኘ። ይህ ዛሬ ፕላትፎርም ስዊቺንግ ይባላል። ብዙ አምራቾችም ከውጪ ስድስት ማዕዘን ካለው የቆየ መጋጠሚያ ወጥተው፣ አገናኙ እንደ ሾጣጣ ውታፍ ወደ ውስጥ ገብቶ ወደሚጠብቅበት ዓይነት ተሸጋግረዋል፤ ይህኛው ክፍተቱንም እንቅስቃሴውንም ይቀንሳል። አገናኙ ከተገጠመ በኋላ ደጋግሞ መፍታት ግን ማሸጊያውን በየጊዜው ይቀደዋል፤ አንዴ የተገጠመ ባይነካ ይመረጣል።

የኢምፕላንቱ ገጽ ነገር ደግሞ ሁለት ተቃራኒ ፍላጎቶች ያሉበት ነው። አጥንት ሻካራ ገጽ ይወዳል፤ ቶሎና በኃይል ይይዘዋል። ባክቴሪያም ሻካራ ገጽ ይወዳል። ስለዚህ አጥንት ውስጥ ያለው ክፍል እንዲሻክር፣ ድድ የሚነካው ክፍል እንዲለሰልስ ይደረጋል። ለአገናኞች የሚጠቀሰው የሸካራነት ልክ 0.2 ማይክሮሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ በታች ማለስለስ በባክቴሪያው ንጣፍ ላይ ተጨማሪ ለውጥ አያመጣም። አደጋው አጥንት ሲሸሽ ሻካራው ክፍል መጋለጡ ነው፤ ያን ጊዜ ለአጥንት የተዘጋጀው ሸካራነት ለባክቴሪያ መጠለያ ይሆናል። አንገቱ ላይ በሌዘር እጅግ ቀጫጭን ቦዮችን ቀርጾ የድዱን ክሮች ለመሳብ የተደረገው ሙከራም ተስፋ ሰጪ ውጤት አሳይቷል።

የቆቡ አወጣጥ፣ ማለትም ከብሎኑ ተነሥቶ ድዱን አልፎ የሚወጣበት ቅርጽ፣ የሚገባውን ያህል ትኩረት አላገኘም ብዬ አምናለሁ። ጠባብ ብሎን ላይ ሰፊ ጥርስ ሲቀመጥ ቆቡ ከድዱ ሥር እንደ ጃንጥላ ይዘረጋል። ዝርጋታው ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ፣ በተለይም ወደ ውጪ ሲያብጥ፣ ብግነት አብሮት እንደሚበዛ ታይቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከጃንጥላው ሥር ብሩሽ አይደርስም።

ማጣበቂያው ሌላ የታወቀ ጠላት ነው። ቆቡ ማጣበቂያ ተቀብቶ ሲጫን ትርፉ ወደ ታች፣ ወደ ድዱ ኪስ ይገፋል። የመቀነቱ ክር ሊያግደው አይችልም። ከደረቀ በኋላ በድዱ ስለሚሸፈን አይታይም፤ ሻካራ ስለሆነም ባክቴሪያ ይሰበስባል። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣ አንድ ጥናት ድዳቸው ከታመመ ኢምፕላንቶች መካከል በ81 በመቶው ትርፍ ማጣበቂያ ተገኝቷል፤ ተጠርጎ ሲወጣም አብዛኞቹ ድዶች አገግመዋል። በብሎን የሚታሰር ቆብ ይህ ችግር የለበትም፤ መጣበቁ ግድ ከሆነ ደግሞ የቆቡ ጠርዝ ዓይንና እጅ በሚደርስበት ከፍታ ላይ ሊሆን ይገባል።

ሕመሙ ሁለት ደረጃ አለው። በመጀመሪያው ድዱ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ሲነካ ይደማል፣ አጥንቱ ግን አልተነካም፤ የባክቴሪያው ንጣፍ ከተጠረገ ድዱ ወደ ጤንነቱ ይመለሳል። ሁለተኛው ፔሪ-ኢምፕላንታይቲስ ይባላል፤ አጥንት መጥፋት ጀምሯል፣ መግልም ሊኖር ይችላል፣ የጠፋውን መመለስም እጅግ አዳጋች ነው። ማጨስ፣ ያልተቆጣጠሩት የስኳር ሕመምና ቀድሞ የነበረ ከባድ የድድ በሽታ አደጋውን ከፍ ያደርጉታል። መለየቱ ቀላል መሣሪያ ይጠይቃል። ሐኪሙ ሚሊ ሜትር የተቀረጸበትን ቀጭን ዘንግ ይዞ በድዱና በኢምፕላንቱ መካከል በእርጋታ ያስገባል፤ ዘንጉ ከወጣ በኋላ ጥቂት ሰከንድ ጠብቆ ጠርዙን ያያል። ጤነኛ ድድ ደረቅና ሐመር ሮዝ ሆኖ ይቆያል። የታመመው በጠርዙ ላይ ቀይ መስመር ያወጣል። የመጀመሪያው ልኬትና ራጅ ተመዝግቦ ካልተቀመጠ ግን የኋለኛውን ከምን ጋር ማነጻጸር ይቻላል? ይህ ካልተገኘ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው ዓለም አቀፍ ምደባ መሠረት መድማት፣ 6 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የጠለቀ ኪስ እንዲሁም 3 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ዝቅ ያለ አጥንት አንድ ላይ ሲገኙ ፔሪ-ኢምፕላንታይቲስ ተብሎ ይመዘገባል።

ስለዚህ ቆቡ በተገጠመ ቀን ሐኪሙ በጥርሶች መካከል የሚገባውን ቀጭን ብሩሽ ለታካሚው ሰጥቶ መስታወት ፊት ራሱ እንዲሞክረው ማድረግ አለበት። ብሩሹ በሁለቱም ጎን ገብቶ አንገቱን ካልነካ፣ ቆቡ የቱንም ያህል ቢያምር ወደ ላቦራቶሪ ተመልሶ መስተካከል ይኖርበታል።