ሊኩዊዲቲ ፑል እና ክፍያዎቹ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ምሳሌዎቹ የተወሰዱት በኢቴሪየም ብሎክቼይን ላይ ከሚሠራው ዩኒስዋፕ ከተባለው መገበያያ ነው። ያልተማከሉ (በአንድ ኩባንያ እጅ ያልሆኑ) ብዙ የክሪፕቶ መገበያያዎች ስሌታቸው ከዚያው የተቀዳ ነው።

«ስገዛ የሚሸጥልኝ ሰው አለ።»
የለም። ግብይቱ ከፑሉ ጋር ነው። ፑል ማለት ባለገንዘቦች ከግብይት ክፍያው ድርሻ ለማግኘት ሁለት ዓይነት ቶክን (ዲጂታል ገንዘብ) ያስቀመጡበት ስማርት ኮንትራት፣ ማለትም ብሎክቼይኑ ላይ በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም ሲሆን፣ የሁለቱ መጠን ተባዝቶ የሚገኘው ቁጥር እንዳይቀንስ ቀመሩ ያስገድዳል። ዋጋውም ከዚያው ይወጣል።

«ክፍያው 0.3 በመቶ ከሆነ፣ የሚጎድልብኝም ያው ነው።»
ብዙ ሰው የሚከስረው እዚህ ጋ ነው። 10 ኢተር (የኢቴሪየም ገንዘብ) እና 20,000 ዩኤስዲሲ (አንዱ አንድ ዶላር እንዲያወጣ የተሠራ ቶክን) ያለበትን ትንሽ ፑል እንውሰድ። ብዜቱ 200,000፣ የአንዱ ኢተር ዋጋ 2,000 ነው። አንድ ሰው 2,000 ዩኤስዲሲ ይዞ ይመጣል። 6ቱ ለክፍያ ይነሣና ለስሌቱ 1,994 ይቀራል። የዩኤስዲሲው ጎን 21,994 ሲሆን 200,000ን ለዚህ አካፍሉት፤ 9.093 ኢተር ፑሉ ውስጥ መቅረት አለበት። ለገዢው የሚወጣለት 0.907 ብቻ ነው፤ አንዱን ኢተር በ2,206 ገዛ ማለት ነው። ክፍያው 6 ዶላር ሆኖ ሳለ ሌላውን የበላበት፣ የራሱ ግዢ ዋጋውን ወደ ላይ መግፋቱ ነው። 1,000 ኢተር እና 2 ሚሊዮን ዩኤስዲሲ ያለበት ፑል ቢሆን ግን 0.996 ኢተር ባገኘ። ስለዚህ ከክፍያው መቶኛ በፊት የፑሉን ስፋት ማየት ይቀድማል።

«ጋዙን መገበያያው ይወስደዋል።»
ጋዝ፣ ማለትም ግብይቱ ኢቴሪየም ላይ እንዲፈጸም የሚከፈለው፣ የኔትወርኩ ነው። ከነሐሴ 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከፊሉ ይቃጠላል፣ ቀሪው ዛሬ ግብይቶችን አረጋግጠው ለሚመዘግቡት አረጋጋጮች ይሄዳል። በ20 ዶላርም በ20,000 ዶላርም ያው ነው፤ ግብይቱ ቢከሽፍም አይመለስም።

«ስሊፔጅን ከፍ ካደረግኩት ቶሎ ያልፍልኛል።»
ያልፋል፣ ግን በምን ዋጋ? ስሊፔጅ ክፍያ አይደለም፤ «እስከዚህ ድረስ ቢወደድብኝ እስማማለሁ» የሚል ገደብ ነው፤ ዋጋው ከዚያ ካለፈ ግብይቱ ይከሽፋል። 10 በመቶ ሲባል ቦቶች (በራሳቸው የሚገበያዩ ፕሮግራሞች) ቀድመው ይገዙና ዋጋውን ያንሩታል፣ ባለቤቱ በውዱ ሲገዛ ወዲያው ይሸጡበታል። ሰፊ ፑል ላይ 0.5 በመቶ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። እሱም ደጋግሞ ከከሸፈ ግዢውን መከፋፈል ነው እንጂ ገደቡን መልቀቅ አይደለም።

«ፑል ውስጥ ማስቀመጥ ባንክ አስገብቶ ወለድ እንደ መብላት ነው።»
1 ኢተር እና 2,000 ዩኤስዲሲ ያስገባ ሰው አለ እንበል። ኢተር 8,000 ሲገባ ገዢዎች ኢተሩን እየቀነሱ ዩኤስዲሲ ሲጨምሩ ስለቆዩ፣ ድርሻው 0.5 ኢተር እና 4,000 ዩኤስዲሲ ሆኗል፤ በድምሩ 8,000። ዋሌቱ ውስጥ ቢተወው ኖሮ 10,000 ነበር። ከእያንዳንዱ ግብይት ሙሉው 0.3 በመቶ ክፍያ ለባለገንዘቦቹ ቢደርስ፣ ይህን 2,000 ለመሙላት በእሱ ድርሻ በኩል ብቻ ወደ 667,000 ዶላር ግብይት ማለፍ አለበት። ዋጋው በእጥፍ ብቻ ቢያድግ ጉድለቱ 5.7 በመቶ ገደማ ነው። ዋጋው ወደ ነበረበት ከተመለሰ ይጠፋል፤ ሳይመለስ ያወጣ ግን ኪሳራውን አጸደቀው።

«ቪ3 ላይ ክልሉ በጠበበ ቁጥር ገቢው ይጨምራል።»
ቪ3 የዩኒስዋፕ ሦስተኛው ስሪት ነው (ቪ2 ሁለተኛው)፤ ባለገንዘቡ ገንዘቡ የሚሠራበትን የዋጋ ክልል ራሱ ይመርጣል። ዋጋው ክልሉ ውስጥ እስካለ ድረስ ልክ ነው። ከወጣ ክፍያው ዜሮ ይሆናል፣ ገንዘቡም ሙሉ በሙሉ ወደ አንዱ ቶክን ተቀይሮ ይቀመጣል፤ ሁልጊዜም ከሌላው አንጻር ወደ ረከሰው። በተጨማሪም ቪ2 ላይ ክፍያው እዚያው ፑሉ ውስጥ ይደመራል፤ ቪ3 ላይ ግን ለብቻው ስለሚጠራቀም ጋዝ ከፍሎ መሰብሰብ ያስፈልጋል።