ሴንትሪፔታል ፎርስ ሥራ የማይሠራው ለምንድን ነው?

«ክብ የሚዞር ነገር ወደ ተነሳበት ስለሚመለስ ዲስፕሌስመንቱ ዜሮ ነው፤ ስለዚህ ሴንትሪፔታል ፎርስ የሚሠራው ሥራም ዜሮ ነው።» (ሴንትሪፔታል ፎርስ የሚዞርን ነገር ወደ ክቡ መሃል የሚስብ ኃይል ነው፤ ዲስፕሌስመንት ከመነሻ እስከ መድረሻ ያለው ቀጥታ ርቀት ነው፤ ሥራ ደግሞ በፊዚክስ ኃይሉ ለነገሩ የሚሰጠው ወይም የሚወስድበት ኢነርጂ ነው፣ በጁል ይለካል።) ይህ ማብራሪያ ለፈተና በሚዘጋጁ ማስታወሻዎችና ቪዲዮዎች ላይ ደጋግሞ ይመጣል። መልሱ ልክ ነው፣ ምክንያቱ ግን ስህተት ነው። ተማሪው ዛሬ በዚህ ምክንያት ነጥብ ያገኛል፤ ነገ ፍሪክሽን (ሰበቃ) ያለበት ጥያቄ ሲመጣ በዚሁ ምክንያት ይወድቃል።

በቁጥር እንየው። 0.2 ኪሎ ግራም ድንጋይ በ0.5 ሜትር ገመድ ታስሮ፣ ፍሪክሽን በሌለው ጠረጴዛ ላይ በሴኮንድ 4 ሜትር ይዞራል። መጠነ ቁሱን በፍጥነቱ ስኩዌር አባዝተን ለሬዲየሱ ስናካፍል የገመዱ ውጥረት 6.4 ኒውተን ይሆናል። አሁን ግማሽ ዙር ላይ እናቁም። ድንጋዩ ከተነሳበት 1 ሜትር ርቋል። ዲስፕሌስመንት ብቻ የሚያይ ሰው በራሱ ስሌት 6.4 ኒውተንን በ1 ሜትር አባዝቶ «6.4 ጁል ተሠርቷል» ማለት ሊኖርበት ነው። ፍጥነቱ ግን ስላልተለወጠ ኪነቲክ ኢነርጂው (በመንቀሳቀሱ የያዘው ኢነርጂ) መጀመሪያም እዚህም 1.6 ጁል ነው። ታዲያ 6.4 ጁሉ የት ገባ?

ሥራ የሚሰላው በየቅጽበቱ በምትኬድ ትንሽ እርምጃ ላይ ነው፦ ኃይሉ በእርምጃዋ ርዝመትና በሁለቱ መካከል ባለው ማዕዘን ኮሳይን ይባዛል። ገመዱ ወደ መሃል ይስባል፣ ድንጋዩ በታንጀንቱ (ክቡን ነክቶ በሚያልፈው ቀጥታ መስመር) ይሄዳል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ማዕዘን 90 ዲግሪ፣ ኮሳይኑም ዜሮ ነው። ስለዚህ ሥራው በመጀመሪያዋ እርምጃ ላይ ዜሮ ነው፣ በሁለተኛዋም ዜሮ ነው። ዙሩ እስኪያልቅ መጠበቅ አያስፈልግም።

ተቃራኒውም ስህተት አለ፦ 6.4ን በክቡ ዙሪያ በ3.14 ሜትር አባዝቶ 20.1 ጁል ማለት። ይህ እውነት ቢሆን ድንጋዩ በአንድ ዙር ብቻ ከ4 ወደ 14.7 ሜትር በሴኮንድ ይፈጥን ነበር።

አውድማ ላይ የሚያበራዩ በሬዎችን አስቡ። ቀኑን ሙሉ ሲዞሩ ውለው ማታ ጠዋት የጀመሩበት ቦታ ላይ ቢቆሙ፣ ምንም ሥራ አልሠሩም የሚል ገበሬ አይገኝም፤ ጤፉ ተወቅቷል። ኮቴያቸው ነዶውን በየእርምጃው ይረግጣል፣ ያ ሥራ እየተደመረ ይሄዳል። ገመድ ይዞ ወደ መሃል የሚስባቸው ሰው ካለ ግን አቅጣጫ ያስይዛቸዋል እንጂ ወደፊት አይገፋቸውም። (በሬው ቆሞ ቢውልም ጡንቻው ምግብ ያቃጥላል፤ ያ ሌላ ሂሳብ ነው።)

ወደ ጠረጴዛው እንመለስ፤ አሁን 0.3 ኒውተን ፍሪክሽን አለ እንበል። ፍሪክሽን ሁልጊዜ ከጉዞው በተቃራኒ ስለሚስብ በአንድ ዙር 0.94 ጁል ይወስዳል። ድንጋዩ ወደ ተነሳበት ሲመለስ 0.66 ጁል ብቻ ይዞ፣ በሴኮንድ 2.6 ሜትር ገደማ እየሄደ ነው። የገመዱ ውጥረትም ከ6.4 ወደ 2.6 ኒውተን ወርዷል፣ ገመዱ ራሱ አንዲት ጁል ሳይሰጥ ሳይወስድ።

ስህተቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል፤ ከመሬት ስበት የተወሰደ ነው። ለስበት «ከተመለስክ ዜሮ ነው» የሚለው ሕግ በትክክል ይሠራል። ያው ድንጋይ ቁልቁልና ሽቅብ ቢዞር ስበት ሲወጣ 1.96 ጁል ይቀንስበታል፣ ሲወርድ ይመልስለታል። ይህን ሕግ ወደ ፍሪክሽንና ወደ እጅ ግፊት መውሰድ ግን አይቻልም።

«ገመዱ ሥራ ካልሠራ ወንጭፍ እንዴት ይፈጥናል?» ለሚሉም መልስ አለ። የሚወነጭፈውን ሰው እጅ በደንብ እዩ። እጁ አንድ ቦታ አይቆምም፤ ራሱም ትንሽ ክብ እየሠራ ከድንጋዩ በጥቂቱ ይቀድማል። ስለዚህ ገመዱ ከጉዞው ጋር የሚሠራው ማዕዘን 90 ሳይሆን ለምሳሌ 85 ዲግሪ ይሆናል። የ85 ኮሳይን 0.087 ነው፤ ከ6.4 ኒውተኑ 0.56ቱ ወደፊት ይገፋል፣ በአንድ ዙርም 1.75 ጁል ያህል ይጨምራል። እጁን በክቡ መሃል አደንድኖ የያዘ ሰው ድንጋዩን ማዞር እንጂ ማፍጠን አይችልም።