«ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል»

የአባባሉ ምስል የወንዝ መሻገሪያ ነው። ተሻጋሪው ሲገባ ውሃው ቁርጭምጭሚቱን ያቀዘቅዘዋል፣ ደስ ይለዋል። ባቱ ላይ ሲደርስም ፈገግታው አልጠፋም። ወገቡ ጋ ሲደርስ ግን እግሩ መሬት አይቆነጥጥም። ለዚህ ነው አባባሉ በዱቤ ለሚኖር፣ ወይም ጥፋቱ በጥቂት በጥቂቱ ለሚመጣበት ሰው የሚነገረው።

በወሎ ተዳፋት ላይ ትርጉሙ ቃል በቃል ነው። ከአንድ ሄክታር ማሳ ላይ 1 ሚሊ ሜትር አፈር ቢታጠብ 10 ሜትር ኩብ አፈር ሄደ ማለት ነው፤ ዓይን ግን አያየውም። ገበሬው የሚያየው ምልክቱን ነው፦ ድንጋዩ እየበዛ ይመጣል፣ የዛፍ ሥር ይራቆታል፣ ከካቡ በላይ ያለው አፈር ከፍ ሲል ከካቡ በታች ያለው ዝቅ ይላል። ቀጥሎ ጎርፍ የጣት ስፋት ያለው መስመር ያወጣል። ይህን ማረሻ ይደፍነዋል። በሬ የማይሻገረው ቦረቦር ከሆነ በኋላ ግን የማረሻ ሥራ አይደለም።

የወሎ ገበሬ መልስ ከጥንት ፈሰስ ነው፤ ከዘር በኋላ ተዳፋቱን አግድም ሰያፍ የሚቆርጥ፣ በበሬ የሚወጣ ቦይ። ቁልቁል ከበዛበት ራሱ ቦረቦር ይሆናል፤ ከሳሳ ደለል ይሞላውና ሞልቶ ይፈሳል። በ100 ሜትር ርዝመት ከ1 ሜትር በላይ ባይወርድ ጥሩ ነው። መጨረሻው ሳር የለበሰ መውረጃ መሆን አለበት። ወደ ጎረቤት ማሳ ከተለቀቀ ጠብ ይነሳል፣ ጉዳዩም ሽማግሌ ዘንድ ይደርሳል።

ይህን እውቀት ያላገናዘበ ሥራ ምን እንደሚገጥመው ወሎ አይታለች። ከ1977ቱ ረሃብ በፊትና በኋላ በምግብ ለሥራ ብዙ እርከን ተሠራ፤ በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ብዙው ፈረሰ። ምክንያቱ የገበሬ ስንፍና አልነበረም። በጠባቡ እርከን መሐል በሬ አይዞርም፣ በድንጋዩ ውስጥ አይጥ ይራባል፣ የማሳው ባለቤትም አልተጠየቀም። ከደሴ ብዙም በማትርቀው ማይባር ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ መቋቋሙ ለመለካት ጠቅሟል፤ ልኬቱ ግን ከፈሰሱ ባለቤት ጋር ካልተነጋገረ ማሳ ላይ አይቆይም።

ቦረቦር ከተከፈተ መፍትሔው የድንጋይ ክትር፣ ማለትም ቦረቦሩን አግድም የሚዘጋ ካብ ነው። መሠረቱ 30 ሴንቲ ሜትር ይቆፈራል፤ ግራና ቀኝ ጫፎቹ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ቦረቦሩ ግድግዳ ይገባሉ። መሐሉ ከጎኖቹ ዝቅ ይላል፤ አለዚያ ውሃው ክትሩን ዞሮ ግድግዳውን ይበላል። ይህ በጣም የሚደጋገም ስህተት ነው። ውሃው በሚወድቅበት በክትሩ ግርጌ ጠፍጣፋ ድንጋይ ካልተነጠፈ ደግሞ የሚወርደው ውሃ መሠረቱን ይቦረቡራል። የታችኛው ክትር አናት ከላይኛው ሥር ጋር ይስተካከላል፦ ወለሉ በ10 ሜትር 1 ሜትር ከወረደ፣ 1 ሜትር ቁመት ያላቸው ክትሮች በየ10 ሜትሩ ይቆማሉ። ሥራው ከላይ ወደ ታች ነው።

ደለል ሲሞላ ሳር ይተከላል፣ ከብትም ይከለከላል። በዚህ ላይ የወሎ ቅሬ፣ ማለትም እድር፣ ጉልበት ትልቅ ነው፤ ቀባሪ የሚያሳጣ ማኅበር ያወጣው ክልከላ ይከበራል፣ ጅጌውንም (የጋራ ሥራውን፣ ደቦውን) የሚጠራው እሱ ነው። ከመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በኋላ ክትሩ ይታያል፤ የወደቀ ድንጋይ ካለ ከሁለተኛው ዝናብ በፊት ይመለሳል።