ፍጥነት ማብረድ ምንድን ነው?

በየሰፈሩ አስፋልት ላይ አንድ ጉብታ በተሠራ ቁጥር «ፍጥነት የማብረድ ሥራ ተከናወነ» ይባላል። ሰሞኑን ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ «ፍጥነት ማብረድ ማለት ብዙ ብር የፈሰሰበትን መንገድ መልሶ ማበላሸት ነው፤ ችግሩ የሹፌሩ ሥነ ምግባር ነው» ሲሉ አደመጥሁ። ሁለቱም ወገኖች የሚያወሩት ስለ ጉብታ ብቻ ነው።

ፍጥነት ማብረድ ማለት አሽከርካሪው ትራፊክ ፖሊስ ባይቆምበትም፣ መኪናው ከሚሄድበት ረድፍ ስፋት፣ ከመታጠፊያው ጥበትና ከፊቱ ከሚታየው ነገር ተነሥቶ በዝግታ መንዳትን ራሱ እንዲመርጥ መንገዱን መቅረጽ ነው። በኔዘርላንድስ ዴልፍት ከተማ በ1960ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. በዛፍ፣ በመቀመጫና በመኪና ማቆሚያ አደራደር የመንገዱ ቀጥተኛነት እንዲሰበር ተደርጎ ነበር፤ እንዲህ ያለው የሰፈር መንገድ በ1976 በአገሪቱ ሕግ ዕውቅና አገኘ። በአዲስ አበባም በለገሃር መጋጠሚያ የእግረኛው ቦታ እንዲሰፋ መጀመሪያ የተሞከረው በቀለምና በተነቃይ ምልክቶች ነው፤ ብዙ ብር የሚጠይቅ ነገር አልነበረም።

ወደ ሥነ ምግባሩ ልምጣ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው ሕፃን አይቶ እግሩ ፍሬን እስኪደርስ አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት፣ መኪናው ገና ፍጥነቱን ሳይቀንስ 17 ሜትር ያህል ተጉዟል፤ በ30 የሚነዳው ግን በደረቅ አስፋልት ላይ 14 ሜትር ሳይሞላ ሙሉ በሙሉ ቆሟል። ይህ እንግዲህ ሁለቱም እኩል ንቁ፣ እኩል ጨዋ ሆነው ነው። ለአውራ ጎዳና የሚሆን ሰፊና ቀጥ ያለ መንገድ በትምህርት ቤት ደጃፍ ዘርግቶ፣ ሹፌሩ በ30 ካልነዳ ብሎ መቆጣት ለእኔ የመሐንዲሱን ጥፋት ለሌላ ማሸከም ነው።

ለማስረዳት ከእርከን የተሻለ ምሳሌ የለኝም። ገበሬ ተዳፋት ማሳውን ከጎርፍ ሲጠብቅ መሀል ላይ አንድ ትልቅ ድንጋይ አስቀምጦ አይሄድም፤ ውሃው ድንጋዩን ዞሮ በጎኑ ቦረቦር ይቆፍራል። ብቻዋን የቆመች ጉብታም ዕጣዋ ይኸው ነው፤ ባጃጁ በጉብታዋና በከርብ ስቶኑ መካከል ይሾልካል፣ የቤት መኪናውም እንደተሻገረ የባከነበትን ጊዜ ለማካካስ ነዳጅ ይረግጣል። እርከን ግን ከላይ እስከ ታች በልክ ተራርቆ ይሠራል፤ ተዳፋቱ ሲበረታ ርቀቱ ይጠባል፣ ውሃውም ጉልበት ሳያገኝ ይወርዳል። በመንገድም ጠባብ ረድፍ፣ ከፍ ተደርጎ የተሠራ ዜብራ፣ የእግረኛ ማረፊያ ደሴትና ጠበብ ያለ መታጠፊያ ተከታትለው ሲመጡ መኪናው ፍጥነት የሚሰበስብበት ርቀት አያገኝም። አንዱ ማሳ ብቻ ቢታረከን ጎርፉ ወደ ጎረቤት እንደሚዞር ሁሉ፣ አንድ ቅያስ ብቻውን ሲበርድ ትራፊኩ ወደሚቀጥለው ይሸጋገራልና ዕቅዱ ሰፈሩን በሙሉ መያዝ አለበት።

ጉብታም ቢሆን ዓይነት አለው። ርዝመቷ አንድ ሜትር የማይሞላ ሹል ጉብታ በዝግታ የሚያልፈውን ታንገጫግጨዋለች፤ በፍጥነት ለሚመጣው ግን ጎማውና ባሌስትራው አብዛኛውን ንዝረት ይውጡለታል። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የትራንስፖርትና የመንገድ ምርምር ላቦራቶሪ የተፈተነው፣ 3.7 ሜትር ርዝመትና 10 ሳንቲሜትር ያህል ከፍታ ያለው ጉብታ ግን ፍጥነት በጨመረ ቁጥር አካልን ይበልጥ ያናውጣል።

አምቡላንስና አውቶቡስ በሚመላለሱበት ዋና መንገድ ላይ ግን ጉብታ አልመክርም፤ እዚያ ረድፍ ማጥበብና የመሀል ደሴት ይሻላሉ። ክረምቱም አይረሳ፤ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ የተዘረጋ ጉብታ ጎርፉን አስፋልቱ ላይ ያቁራል፣ ለውሃው ተብላ የምትተወው ክፍተት ደግሞ ያችው ባጃጅ የሚሾልክባት ናት። ስለዚህ ወይ ከሥር ቱቦ ይቀበራል፣ ወይ ክፍተቷ ላይ ውሃ የሚያሳልፍ፣ ጎማ የማያሳልፍ አጭር ምሰሶ ይተከላል።