ከቀዶ ሕክምና በኋላ ቶሎ ማገገም፦ የነርሶች ምርምርና ሥራ በሐረርና በድሬዳዋ

በ1971 እ.ኤ.አ. ካሮል ሊንደማንና ቤቲ ቫን ኤርናም የተባሉ አሜሪካውያን ነርሶች፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ጥልቅ አተነፋፈስንና አሳሳልን በሥርዓት የተማሩ ታካሚዎች በዘፈቀደ ከተነገራቸው የተሻለ እንደሚተነፍሱና ቶሎ ከሆስፒታል እንደሚወጡ አሳዩ። በ1990ዎቹ ደግሞ ዴንማርካዊው ቀዶ ሐኪም ሄንሪክ ኬህሌት ጾምን፣ ሕመምን፣ ምግብንና እንቅስቃሴን አንድ ላይ አቀናጀ፤ ዛሬ ኢራስ (በእንግሊዝኛ ምሕፃረ ቃል፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ቶሎ ማገገም) የሚባለው አሠራር መነሻው ይህ ነው። አብዛኛው ክፍሉ ከሰዓትና ከመዝገብ ያለፈ መሣሪያ ስለማይጠይቅ፣ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ በሆነው በሐረሩ ሕይወት ፋናም ሆነ በድሬዳዋው ድል ጮራ ሆስፒታል ሊተገበር ይችላል።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ከቀዶው በፊት ያለው ጾም ነው። መመሪያው ለጠጣር ምግብ 6 ሰዓት፣ ለጠራ ፈሳሽ 2 ሰዓት ይላል። «ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ምንም እንዳትቀምስ» የተባለ ታካሚ ግን ተራው ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ከደረሰ 14 ሰዓት ጾሟል። በድሬዳዋ ሙቀት ይህ ማለት ውኃ ያጣ አካልና የጀርባ ማደንዘዣ ሲሰጥ የሚወርድ የደም ግፊት ማለት ነው። መፍትሔው ነርሷ ጠዋት የኦፕራሲዮን ክፍሉን ተራ ጠይቃ፣ ወደ መጨረሻ ላሉት ስኳር ያለው ቀጭን ሻይ መፍቀዷ ነው። ወተት የገባበት ሻይ ወይም በወተት የሚፈላው የሐረር መጠጥ ሆጃ እንደ ምግብ ይቆጠራል፤ «ሻይ ብቻ ነው የጠጣሁት» ሲባል ይህን መጠየቅ ይገባል። አንጀቱ የታጠፈበት፣ ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና የሚደረግለትና ጨጓራው ቶሎ የማይራገፍ ታካሚ በዚህ አይካተትም።

ጫትም በመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ መነሳት አለበት። የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ያደርቃል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ በወንዶች ላይ የሽንት ፍሰትን ያዳክማል። ስለዚህ ካቴተር (የሽንት ቱቦ) የወጣለት ቃሚ በ6 ሰዓት ውስጥ መሽናቱን ማየት ግድ ነው። ለማንኛውም ታካሚ ቢሆን ካቴተሩ ምክንያት ከሌለ ከ24 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፤ በየቀኑ የኢንፌክሽን ዕድል ይጨምራል።

ሕመምን ለማከም የታካሚው ልመና መጠበቅ የለበትም። እዚህ ብዙ ሰው «ችዬዋለሁ» ይላል፤ ሳይስል፣ ሳይነሳ ይተኛና ሳንባው ይታፈናል። ለአዋቂ ፓራሲታሞል 1 ግራም በየ6 ሰዓቱ (በቀን ከ4 ግራም ሳይበልጥ፣ ክብደቱ ከ50 ኪሎ በታች ለሆነና ጉበቱ ለታመመ ቀንሶ) በሰዓቱ ይሰጣል። ሕመሙ ከ0 እስከ 10 የሚለካውም ሲያስል እንጂ ተጋድሞ ሳለ አይደለም። በነቃበት በየሰዓቱ 10 ጊዜ ያህል በጥልቀት ይተንፍስ፤ ሲያስል የታጠፈ ጋቢ ቁስሉ ላይ ይጫን።

ማስነሳቱ ጥድፊያ አይወድም። ማስታገሻው ከተሰጠ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ግፊቱ ይለካል፤ እግሩን አውርዶ አልጋው ጠርዝ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይቀመጣል፤ ካላዞረው ሁለት ሰው ደግፎት ይቆማል፣ ከዚያ ጥቂት እርምጃ። የጀርባ ማደንዘዣ የወሰደው እግሩ ሙሉ ኃይሉን ሳያገኝ አይነሳም። ትልቁ እንቅፋት አስታማሚው ነው፦ «ስፌቱ ይተረተራል» ብሎ ያስተኛዋል። ትምህርቱ ለእርሱም፣ ቤተሰቡ በሚናገርበት ቋንቋ፣ ከቀዶው በፊት መሰጠት አለበት፤ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ፣ በሐረሪ ወይም በአማርኛ።

ከማዋለጃ ኦፕራሲዮን በኋላ ማስቲካ ማኘክ አንጀት ቶሎ እንዲሠራ ይረዳል። የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለ ድርጅት የ2016 እ.ኤ.አ. ዳሰሳ ከአንጀት የሚወጣውን የመጀመሪያውን ጋዝ በ7 ሰዓት ገደማ እንደሚያፋጥን አግኝቷል፤ ቶሎ በሚመገብ ታካሚ ላይ ግን ጥቅሙ ሊያንስ ይችላል። (ማኘክ ሲባል ጫት እንዳልሆነ በዚህ አገር ማስረዳት አይከፋም።) አጥሚትና መረቅ ከቤት የሚመጣ ከሆነም ችግር የሚሆነው ምግቡ ራሱ ሳይሆን «አየር እስኪወጣ» ተብሎ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መከልከሉ ነው።

ይህን ሁሉ ለማጥናት የሚሻ ነርስ በካርዱ ላይ አራት ሰዓቶችን ቢያስመዘግብ ይበቃዋል፦ የመጨረሻው ምግብ፣ የመጀመሪያው መጠጥ፣ የመጀመሪያው እርምጃ፣ የመጀመሪያው ጋዝ። ብዙ ካርዶች ላይ የጎደለው የመጨረሻው ምግብ ሰዓት ነው።