«ታሪኩ በሙሉ ሽፋኑ ላይ ይታይ» እና ሌሎች የሰለቹኝ ጥያቄዎች

በቅርቡ አንድ አንጋፋ መምህር የመጀመሪያ ልብ ወለዳቸውን ሊያሳትሙ ሲሉ ሽፋኑን እንድነድፍላቸው መጡና ሽፋኑ ላይ እንዲገቡ የሚፈልጓቸውን ነገሮች በወረቀት ዘርዝረው ሰጡኝ። የምታለቅስ እናት፣ የሚነድ ሻማ፣ የእስር ቤት አጥር፣ ሻንጣ የያዘ ወጣት፣ አውሮፕላን፣ የተሰበረ ቀለበት፣ ከኋላ የአዲስ አበባ ሕንጻዎች፣ ጥግ ላይ ደግሞ የራሳቸው ፎቶ። «ሰው ገና ሲያየው ታሪኩ እንዲገባው ብዬ ነው ልጄ» አሉኝ። ታዲያ 320 ገጽ ለመጻፍ ለምን ደከሙ? አፌ ላይ ደርሶ ነው የመለስኩት።

ሽፋን የታሪኩ ማጠቃለያ አይደለም። ሥራው አላፊ አግዳሚውን አስቁሞ መጽሐፉን እንዲገልጥ ማድረግ ነው። ካላመናችሁኝ አራት ኪሎ ወይም ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ማኪያቶ አዝዛችሁ ተቀመጡ። መጽሐፍ አዟሪው ቁልሉን ክንዱ ላይ ደርድሮ በአጠገባችሁ ሲያልፍ እያንዳንዱን ሽፋን ስንት ሰከንድ ታዩታላችሁ? በዚያች ቅጽበት ስምንት ምስል ማንም አያነብም። ስልክ ላይ ደግሞ ይብሳል፤ ቴሌግራም ላይ ሽፋናችሁ የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ነው። እኔ ንድፉን ስጨርስ ወደ ፖስታ ቴምብር መጠን አሳንሼ አየዋለሁ። ርእሱ ካልተነበበ እንደ አዲስ እጀምራለሁ።

በተለይ የእኛ ፊደል ምሕረት የለውም። «ቡ» እና «ቢ» የሚለያዩት አንዲት ቅጥያ መሐል ላይ በመሆኗ ወይም ታች በመውረዷ ብቻ ነው። በላዩ ላይ ጥላ፣ ወርቃማ ጠርዝና እሳት ሲጨመርበት ያቺ ቅጥያ ትጠፋለች፤ አንባቢው ርእሱን እየገመተ ያልፋል። «ትንሽ ይንቦግቦግ» የምትሉኝ ሁሉ ይኼን አስቡልኝ።

ምስል የሌለው ሽፋን አይሸጥም የሚሉም አሉ። የእንግሊዙ መጽሐፍ አሳታሚ ፔንግዊን እ.ኤ.አ. በ1935 ሥራ ሲጀምር ሽፋኖቹ ላይ የነበረው ቀለም፣ ጽሑፍና አንዲት ወፍ ነው፦ ብርቱካናማው ልብ ወለድ፣ አረንጓዴው የወንጀል ታሪክ፣ ሰማያዊው የሕይወት ታሪክ። እንደ ጉድ ተሸጠ።

«ውጭ አገር ቢሆን ደራሲው የፈለገውን ነበር የሚያሠራው» የሚለው ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። የአሜሪካና የእንግሊዝ ትልልቅ አሳታሚዎች አብዛኛውን ጊዜ ደራሲውን ያማክሩታል እንጂ ውሳኔውን አይሰጡትም። የሽያጭና የማስታወቂያ ሰዎች ተሰብስበው ይጨቃጨቁበታል፤ ትልቅ የመጻሕፍት መደብር ካልወደደው የጸደቀ ሽፋን እንኳ ሊቀየር ይችላል። እዚህ ብዙ ጊዜ የሕትመቱን ገንዘብ የሚከፍለው ደራሲው ራሱ ስለሆነ ቃሉ ሕግ ነው። የእኔም ራስ ምታት ከዚያ ይጀምራል።

«ሽፋን ለመሥራት አንድ ሰዓት አይበቃም?» የሚሉኝም አሉ። አይበቃም።

ስክሪን ላይ ያያችሁት ቀለም ወረቀት ላይ እንዳለ አይወጣም፤ ስክሪን በብርሃን፣ ማተሚያ ቤት በአራት ቀለሞች ነው የሚሠራው። ደማቁ ሰማያዊ ደብዝዞ ሲመጣ ማተሚያ ቤቱን ከመክሰስ በፊት በወረቀት የታተመ ናሙና ጠይቁ። በቴሌግራም ፎቶ ስትልኩልኝም ጥራቱ እንዳይቀንስ በፋይል ይሁን፤ 14 በ21 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሽፋን በጥራት እንዲታተም ምስሉ ወደ 1650 በ2480 ፒክስል ያስፈልገዋል።

ደግሞ እባካችሁ፣ ገጹ ሳያልቅ ሽፋን አታሠሩ። ባለ 80 ግራም ወረቀት አንዱ ቅጠል ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ 320 ገጽ ሲታጠፍና ሲጠረዝ ጎኑ (እኛ ስፓይን የምንለው) ወደ 16 ሚሊ ሜትር ይሆናል። አንድ ደንበኛዬ ሽፋኑ ካለቀ በኋላ 40 ገጽ ምስጋናና የወዳጅ አስተያየት ጨመረ። ጎኑ በ2 ሚሊ ሜትር ወፍሮ የጎኑ ጽሑፍ ወደ ፊት ሽፋኑ ተንሸራተተ። ጥፋተኛው እኔ ተባልኩ።

መምህሩን በሦስት ቀጠሮ አሳመንኳቸው። ሻንጣው ብቻ ቀረ፣ ያለ ወጣቱ። ፎቷቸው ግን ጀርባው ላይ ገባ፤ እሱን እንኳ መከራከር አልቻልኩም።